የነጠቅኩት እጅ

ፋንዬ፣

ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ፊሊፒኖች ባህል ከመጻሕፍት አጥንቼ፣ ትናንት እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ላይ ፈተናውን ወደቅኩልሽ። የአክስቴ ልጅ አበባ፣ አብራት አረጋውያን የምትንከባከብ ሉዝ የምትባል ፊሊፒናዊት አለቻት። ለጥናቴ እንዳነጋግራት ከነልጇ ሀበሻ ምግብ ቤት ምሳ ጋበዘችልኝ። ልጅቷ ነርስ ናት። ገና እንዳየችኝ ጎንበስ ብላ እጄን ያዘች፤ እኔ ደግሞ እንደ አገራችን ወግ «ኧረ አይገባም» ብዬ ነጠቅኳት። ፊቷ ተለዋወጠ።

እነሱ ዘንድ ታናሽ የታላቁን እጅ ግንባሩ ላይ አድርጎ ይመረቃል፤ እጁን የከለከለ ምርቃቱን ከለከለ ማለት ነው። እኔው ራሴ አርባ ገጽ ጽፌበታለሁ።

አበባ ጎኔን ነካ አድርጋ «ሶሪ በያትና ስጫት እንጂ» አለችኝ። እጄን መልሼ ዘረጋሁ። ግንባሯ ሲነካኝ ሌላ ቃል ጠፋኝና የሠላሳ ዓመቷን ነርስ በአማርኛ «እደጊ» አልኳት። ሳይተረጎምላት ገባት።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ። ለእናትሽ ደግሞ አደራ ንገሪልኝ፤ ስመለስ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል እንደ ወትሮው «በሞቴ» ብለው ከመንገድ አይመልሱኝ። እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ደርሼበት አላውቅም።

ፀዳለ