ልክ ነህ ባይዋ እናትሽ

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ባልሽስ፣ ልጆችሽስ? ያ ከደመና በላይ የተሰቀለው ከተማችሁ ሲዞር አሁንም ራስሽን ያዞርሻል ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ፀጉር አስተካካዩ ልጻፍልህ ቢለኝ እምቢ አልኩ፤ ፊደሌ ቢንጋደድም የራሴ ነው።

ጠላት ኮረብታው ላይ ስለተከለው ምሰሶ ሳትሰሚ አትቀሪም። ማንጎራጎር ሲጀምር አገሩ ሁሉ ቁጭ ብሎ ያልማል፤ ሰው የሞተበትን እያየ ጦርነቱን ይረሳል። ምሰሶውን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ሣጥን እኛ መኝታ ቤት ወለል ሥር ነው። ጠላቶች ሲቀብሩት የቤቱ ባለቤት ማን ነው ብለው መዳፌን ስላስነኩኝ፣ ከእኔ እጅ በቀር ለማንም አይከፈትም። ከዚያ ወዲህ ምሰሶው ሲያንጎራጉር የክፍሉ ብርሃን ቢጫ ይሆንና እናትሽ አረንጓዴ ሹራቧን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። መጋረጃው ውሃ ውስጥ እንዳለ ሣር ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። የተናገርኩትን ሁሉ «ልክ ነህ» ትለኛለች። አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን ረትቻት የማላውቃትን ሴት በየቀኑ ረታኋት።

ባለፈው ሰኞ ከሰዓት በኋላ አምስት የወገን ኮማንዶዎች በጓሮ በር ገቡ። ምሰሶው እንዳያፈዛቸው ጉርምርምታውን የሚያግድ የራስ ቁር ደፍተዋል። አለቃቸው ድምጿ ከቁመቷ የሚበልጥ ሻምበል ናት። «አባባ፣ ሣጥኑን ይክፈቱልንና ምሰሶውን ከሥሩ እንጣለው» አለችኝ። ሚስቴን ሁለተኛ አልቀብርም አልኳት። መሰላል የሚሉት ረጅሙ ጓዷ «እጁን ይዘን እናስነካዋ!» ቢል፣ ና ሞክረኝ፣ አንተን የሚያክል በሬ ጠልፌ ጥያለሁ አልኩት። ሻምበሏ «ተው አንተ፣ የሰው ትዳር ነው» ብላ ገሠጸችው።

ያኔ ወለሉን አየሁ። አምስቱም በቦት ጫማቸው የእናትሽን ወለል ጭቃ በጭቃ አድርገውታል። እሷ እያየች ፈገግ ትላለች። ልጄ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሞት ደጇ ቆሞ እንኳ ሊያያት የመጣውን ሐኪም ጫማህን አውልቅ ያለች ሴት ናት። «ልክፈትላቸው?» አልኳት። «ልክ ነህ» አለችኝ። «አልክፈት?» አልኳት። «ልክ ነህ» አለችኝ።

ሣጥኑ ላይ መዳፌን አሳረፍኩ።

ከሣጥኑ እስከ ምሰሶው የሚሄደውን መስመር ብቻ የምታቃጥል ትንሽ ፈንጂ ቀብረው ወጡ። መሰላል የሐኪሙን ነገር ስነግረው ቦት ጫማውን አውልቆ፣ በእጁ ይዞ ነው የወጣው። ምሰሶው ድምፅ ሳያሰማ፣ የደከመው ሰው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ቁጭ አለ። እናትሽ ከሹራቧ ጀምራ ፈዘዘች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ብርሃን ቀረ፣ እሱም ሄደ።

ጠላት ያለ ምሰሶው መቋቋም አቅቶት ከኮረብታው ሸሽቷል። ሰው ግን የነቃው እያለቀሰ ነው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ሁለት ልጆቿን እንደ አዲስ አጥታለች፤ ሰላምታዬን አትቀበልም። አልፈርድባትም።

አንድ ነገር ልለምንሽ፣ መለመን እንደማልወድ እያወቅሽ። ያቺ ልክ ነህ ባይ እውነተኛዋን ሸፍናብኛለች። እናትሽ በምን በምን ትቆጣኝ እንደነበር እየጠፋብኝ ነው። የምታስታውሺውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ ስድቡንም አታስቀሪ።

ያንን ዝምተኛ ባልሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ትንሹን በፎቶ ብቻ የማውቀውን፣ አያትህ ቁመትህን ጠይቋል በዪው። ለአማትሽም እጅ ነሥቻለሁ።

አባትሽ
ከኮረብታው ሥር፣ ከቤታችን
እሑድ፣ ጦርነቱ በገባ በሦስተኛው ዓመት