ወደ ቦታው የተመለሰው ቀይ መስመር

ለምትናፍቂኝ እትዬ፣

ከሰላምታዬ በፊት ኑዛዜዬ ይቅደም። እኔ ታናሽ እህትሽ፣ በሙሉ ጤንነቴና ማንም ሳያስገድደኝ፣ የጓሮውን በር ከቀባንበት የተረፈውን ግማሽ ጣሳ ቀይ ቀለም ሰርቄያለሁ። ምክንያቱን ሳትሰሚ እንዳትፈርጂብኝ። ለመሆኑ አንቺስ እንዴት ነሽ? ሥራው፣ ጤናው፣ ያ ወገብሽስ ተሻለው? እኛ ደህና ነን፤ እኔ ብቻ ደክሞኛል።

ከሄድሽ ወዲህ ወንዙ ዳር ያለውን የውሃ መለኪያ ምሰሶ በቀን ሦስቴ ወርጄ የማነበው እኔ ነኝ። ውሃው ምሰሶው ላይ ያለውን ቀይ መስመር ሲነካ በድምፅ ማጉያ እጮሃለሁ፤ ሰፈሩ ዳገቱ ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ይወጣል። በዚህ ክረምት ሦስት ጊዜ ጮህኩ፤ ሦስቴም ውሃው ደጃፍ ሳይደርስ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ፍራሻቸውን ተሸክመው ሲወርዱ እንዴት እንዳዩኝ ባየሽ! ወንዙን አባብዬ ያስቀረሁባቸው ነው የሚመስለው።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ጋሽ እንረጋጋ (ቤት ቢቃጠልም «እንረጋጋ» ስለሚሉ ያወጣሁላቸው ስም ነው) ስብሰባ ጠሩ። ሁለት ሰዓት ተከራክረው በሙሉ ድምፅ የወሰኑት ምን መሰለሽ? ቀዩን መስመር አንድ ክንድ ከፍ ማድረግ! «ሕዝቡ ይረፍ» አሉ። አንቺ ከአምናው ጎርፍ በኋላ ለክተሽ ያሰመርሽውን በነጭ ቀቡት። ወንዙ ቃለ ጉባኤ አያነብም ብላቸው «አንቺ ምላሳም፣ ዝም በይ» ተባልኩ።

እትዬ፣ አያታችንን በወንበር ለሁለት ተሸክሞ ትምህርት ቤት ማድረስ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ ለክቼዋለሁ። አንቺ በተውሽው ማስታወሻ መሠረት ውሃው ከመስመርሽ ተነስቶ ደጃፏ ለመድረስ አንድ ሰዓት ይወስድበታል። ከነሱ መስመር ግን ሩብ ሰዓት። እሷ «ትታችሁኝ ውጡ፣ እኔ ዋና እችላለሁ» እያለች ትቀልዳለች፤ አልስቅላትም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት መስመርሽን ወደ ቦታው መለስኩት። ሰው ሳያየኝ በጥድፊያ ስለቀባሁት ትንሽ ጠሟል።

አያታችን ጉንጭሽን ስማለች። አባዬ «ብርድ እንዳይመታት» ይላል። ትንሹ ወንድማችን የፊት ጥርሱ ወልቆ ሽማግሌ መስሏል፤ ኮሚቴ ይግባ ብያለሁ። ጋሽ እንረጋጋም ሰላም ብለውሻል፤ ቀለሙን ገና አላዩትም።

ታናሽሽ፣
ከቤታችን፣ ማክሰኞ ከሰዓት።

ደብዳቤውን ሳላሽገው አባዬ እስከ ጉልበቱ ርሶ ከወንዙ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ቀይ ጣቶቼን አየ።

«ቁጫጭ!» አለኝ፣ በልጅነት ቅጽል ስሜ። «ውሃው ያንቺን ቀይ ነክቷል። ተነሺ፣ አያትሽን እናውጣ።»