ዲስክ ስንቀይር የወጣብዎ ወሬ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ ለአቶ ታዲዎስ፣ ሐዋሳ።

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ሻል አለው ወይስ አሁንም ደረጃ ሲያዩ ይቆጣል? የደም ግፊቱን ኪኒን በሰዓቱ ይወስዳሉ ወይስ እንደ ልማድዎ ኪስ ውስጥ ያሳድሩታል? የሐይቁ ነፋስስ ተስማማዎት? ወንድሜ ኢያቄምና ሚስቱ ሀዊ እንዴት ናቸው? ልጃቸው ትንሿ ደሊና ትምህርቱን ወደደችው? እኔ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ከሁሉም በላይ እርስዎ በሕይወት በመኖርዎ ደስ ብሎኛል። ይህን ለምን እንደምጽፍ ያውቁታል።

ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ስልክ አላነሳም ማለትዎን ኢያቄም ነግሮኛል። አልፈርድብዎትም። ሰው ስልኩን አንስቶ ሃሎ ሲል፣ የጋሽ ታዲዎስን ሰምተን አዘንን፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ የሚል ድምፅ ከመጣበት፣ ያውም ጋሽ ታዲዎስ ራሱ እሱ ከሆነ፣ ሁለተኛ ባያነሳ ማን ይወቅሰዋል? ስለዚህ ዕድሜዎን ሙሉ ያገለገሉበትን ፖስታ ቤት ተማምኜ ነገሩን ከሥሩ ልጽፍልዎት ተቀመጥኩ። ጦሱ የመጣው ከሃርድ ዲስክ ነው።

የእድራችን ሰርቨር፣ እርስዎ ሊቀ መንበር ሳሉ ያስገዙት ያ ጥቁር ሣጥን፣ ሞላ። የሞላውም በእርስዎ ሐሳብ ነው። በዚያ ቀብር ላይ የሟቾች ወረቀት ተቀያይሮ፣ ከሰፈር ወጥተው የማያውቁ እናት በጦር ሠራዊቱ ውስጥ በከባድ መኪና ሹፌርነት አገልግለዋል ተብሎ ከተነበበላቸው በኋላ፣ ከእንግዲህ እያንዳንዱ አባል በቁሙ ሳለ የሕይወት ታሪኩን በራሱ አፍ ይናገር፣ በቪዲዮም ይቀመጥ ብለው ያስወሰኑት እርስዎ ነዎት። ሰዉ ይህን ያህል የሚያወራው አለው ብሎ ማን ገመተ? ጋሽ ቢቂላ ከእርስዎ ወንበሩን ከተረከቡ ወዲህ ስንቴ እንደተቀረጹ እንጃ፣ ታሪካቸው ግን ገና ድቁና ላይ ነው። ትንሽ ቢያሳጥሩልን ብላቸው የትኛውን ልተው ብለው ተቀየሙኝ።

ኮሚቴው ሁለት ትልልቅ ዲስኮች እንዲገዙ ወሰነ። ሰርቨሩ ውስጥ ሁለት ዲስክ አለ፤ አንዱ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ሌላውም ላይ ይጻፋል፣ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ። ከሁለቱ አንዱ ግን ከክረምቱ ጀምሮ ቀጭ ቀጭ ማለት አብዝቶ ነበር። ሥራው ለሚያውቀው ከባድ አይደለም። የታመመውን አውጥቶ አዲሱን መክተት፣ ጤነኛው ያለውን ሁሉ እስኪገለብጥለት መጠበቅ፣ ከዚያ ጤነኛውንም በሁለተኛው አዲስ መተካት ነው። ካዛንቺስ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ይህን ስሠራ ልቤም አይመታም። እዚህ ግን ግልበጣው እስኪያልቅ ድረስ የሰፈሩ ሰው ድምፅ በሙሉ የሚኖረው በዚያ በአንዱ አሮጌ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ነፍሷን ይማርና የእማዬም እዚያው ነው። ሌላ ቦታ የላትም። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ብሎኑን ከመፍታቴ በፊት የታመመው የትኛው እንደሆነ ደጋግሜ አረጋገጥኩ።

ጋሽ ቢቂላ አጠገቤ ቆመው፣ ይሄ ሰርቨሩን የሚያሠራው ሊኑክስ የምትይው የማን ነው አሉኝ። የማንም አይደለም፣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ጉልበታቸውን እያዋጡ በጋራ የሚጠብቁት ነው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ በቃ እድር ነዋ፣ ምን ታስጨንቂኛለሽ አሉ። እኔ ለዓመታት ለሰው ሳስረዳ እንደዚህ አሳምሬው አላውቅም።

አዲሱን ዲስክ ብከተው ሰርቨሩ አላየው አለ። አወጣሁ፣ መለስኩ፣ ምንም። ገልብጬ ሳየው ለካ ሳላሀዲን ጉድ ሠርቶኛል። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ከሆነ ወዲህ ምልክት የሌለው ንብረት እንደማያስገባ ያውቃሉ፤ ድስቱ፣ አግዳሚው፣ የሻይ ብርጭቆው ሳይቀር የእድሩ ስም በአረንጓዴ የዘይት ቀለም ተጽፎበታል። ዲስኮቹም ዓርብ እሱ ጋ ውለው ነበር። በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ጽፎባቸዋል፤ ከአንደኛው ላይ ግን ቀለሙ ወርዶ ገመዱ የሚሰካበትን ጥርስ ሸፍኖታል። ብጮህበት አልደነገጠም። ነገ ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ አለ። እትዬ የሻረግ ከፀጉር ቤቷ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በጥጥ ይዛ መጣችና፣ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ አጸዳችልኝ። ሽታው ዓይኗን በርበሬ አስመሰለው፤ ዲስኩ ግን ታየ፣ ግልበጣውም ጀመረ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እስኪጨርስ ብቻውን አይተው፣ አጠገቡም አትጩኹ፣ መሬቱንም አትርገጡ አልኩ። እድር ደግሞ ብቻውን መተው የሌለበትን ነገር የሚይዝበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። አግዳሚዎቹ ወጡ፣ እስከ ደጅ ተደረደሩ። ሽማግሌዎቹ በተራ ተቀመጡ፣ ካርታም ወጣ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መጫወት ተጀመረ። ጎረቤታችን ፋኢዛ ከገበያ ስትመለስ ያየችው ይህን ነው። እትዬ የሻረግ ዓይኗ ቀልቶ በር ላይ ትናፈሳለች። እኔ፣ የእርስዎ ልጅ፣ መሐል ላይ ጭንቅላቴን ይዤ ተጎንብሻለሁ። በእንደዚህ ያለ ደጅ ማን ሞተ ተብሎ ስለማይጠየቅ አልጠየቀችም፤ እኔን አይታ እርስዎ ነዎት ብላ ደመደመች። ገብታ ትንሽ አለቀሰችና ለሌሎች ልትነግር ወጣች።

ወሬው ላንቻን ለቆ ቄራ እስኪደርስ ሻይ አይፈላም። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም የገቡትም፣ ከካዛንቺስ ተነስተው ዳር የወጡትም ሚኒባስ እየያዙ መጡ፤ ነጠላ ያዘቀዘቀው፣ ጥቁር የለበሰው ሁሉ። እኛ ደግሞ ለዲስኩ የመጡ መስሎን፣ ሰው ለእድሩ ንብረት እንዲህ ያስባል እንዴ ብለን ልባችን ተነካ። አንዱ አቅፎኝ እግዚአብሔር ያጽናሽ ሲለኝ፣ አሜን፣ እስካሁን ጥሩ እየሄደ ነው አልኩት። እንዴት እንዳየኝ ባዩት።

ነገሩ የፈነዳው አንድ አዛውንት ተነስተው፣ በደንባችን መሠረት የጋሽ ታዲዎስ ታሪክ ይከፈትልን ሲሉ ነው። አባቴ ደህና ነው፣ ትናንት አውርቼዋለሁ ብዬ ብምል ግማሹ ሐዘን አናግሯት ነው ብሎ አዘነልኝ። ስልክ ወደ እናንተ መጉረፍ የጀመረው ያኔ ነው። ጋሽ ቢቂላ በሳቅ ከአግዳሚው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም።

ሳቁ ግን አልዘለቀም። በዚህ ሁሉ መሐል የአባላቱን ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ከፍቼው ነበርና በስምዎ ያለው ፎልደር ታየ። ባዶ ነው። ከጋሽ ቢቂላ በቀር እዚያ የነበሩትን በሙሉ የቀረጿቸው እርስዎ ነዎት፤ በእያንዳንዳቸው ቪዲዮ ውስጥ ከካሜራው ኋላ አይዞህ ቀጥል፣ ከዚያስ የሚል ድምፅዎ ይሰማል። ፊትዎ ግን የትም የለም። መጀመሪያ ሌሎቹ ይናገሩ ሲሉ፣ በኋላ ደግሞ ቦታ የለም ሲሉ ቀሩ። እኔም አለቀስኩ፣ አባባ። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ለቅሶው ተሰናድቶ ስላገኘሁት ነው።

እሑድ ሁለቱም ዲስኮች ገብተው አለቀ። ሁሉም ደህና ነው፣ ሰፊ ቦታም ተገኝቷል። ለመሞከር መጀመሪያ የከፈትኩት የእማዬን ነው። ቪዲዮዋ አጭር ነው፤ ግማሹንም ቁጭ በል፣ ቆመህ አትቅረጸኝ እያለች ከእርስዎ ጋር ስትከራከር ነው የጨረሰችው። መጨረሻ ላይ፣ እንዴት እንደተገናኘን ተናገሪ ሲሏት ትስቃለች። እሱን አንተ ትናገረዋለህ፣ እኔ ገበያነሽ ከተናገርኩት ይበላሻል ትላለች። ከዚያ ካሜራው ይጠፋል።

ቢቻልዎ ለገና ይምጡ፤ ካልሆነም ኢያቄም እዚያው ይቅረጽዎት። እንዴት እንደተገናኛችሁ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀውም ሰው የለኝም።

ኢያቄምን በጣም ናፍቀኸኛል ይበሉልኝ። ሀዊን ለተደወለባት ሁሉ በትዕግሥት ስለመለሰች ያመስግኑልኝ። ደሊናን ሁለቱን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ጋሽ ቢቂላና እትዬ የሻረግ ሰላም ብለዋል። ሳላሀዲን ይቅርታ ይላል፣ ምልክቱ ግን ይኖራል ብሏል። ፋኢዛ አፍራ ከቤት አልወጣችም፤ ዕድሜዎ እንዲረዝም ዱዓ እያደረገች ነው።

ልጅዎ ልደት ታዲዎስ
ላንቻ፣ ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.