ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ

ኅዳር 3

በታላቅ ሐዘን ይገለጻል፦ የይለፍ ቃሌ ዛሬ ከዚህ ዓለም ድካም አርፏል። ዕድሜው ሦስት ወር ነበር። ሳይታመም፣ ሳይበድል፣ «ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ ነው የሄደው። ለቅሶ የሚደርስ ካለ ወረታ፣ ከሩዝ መፈልፈያው ጀርባ፣ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ተቀምጫለሁ።

ተተኪው «ቢያንስ አንድ ትልቅ ፊደል» ይኑረው አለኝ ሲስተሙ። የምማረው የአማርኛ ሁለተኛ ዲግሪ ነው። በኦንላይን። ትምህርቱ በአማርኛ፣ ፈተናው በአማርኛ፣ ስማችን ሳይቀር በአማርኛ። በአማርኛ ትልቅ ፊደል የቱ ነው? ጠ? ሦስት እግር አለው። አስገባሁት። «ደካማ» አለኝ። እኔን ይሁን ቃሉን አልገለጸም።

ትምህርቱን ሳልከፍት ዋልኩ። ስክሪኑ ላይ «ይጠብቁ» የምትለው ክብ ስትዞር፣ ስትዞር፣ ባትሪዬ አለቀ። መፈልፈያው ግን የፎገራን ሩዝ ሲያንጓጓ ውሎ ጨረሰ። እሱ እንኳ ከላይ ያስገቡበት ነገር ከታች ይወጣል።

ኅዳር 9

በመወያያ መድረኩ ላይ ጥያቄ ጣልኩ። ስለ ግጥም ቤት አመታት። መልስ መጣ፦ «ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን።» ምናልባት አልተነበበ ይሆናል ብዬ ደገምኩ። «ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን።»

ሰው አለ ወይስ የለም? ለማጣራት ስድብ ጻፍኩ። ትንሽ፣ የታጠበ፣ ለዘመድ የሚነገር ዓይነት ስድብ።

«ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን።»

ጨዋ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋ ወረታ ውስጥ አላጋጠመኝም።

ኅዳር 12

የቀጥታ ትምህርት ነበር። መምህሩ አንድ ሰዓት ሙሉ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ እጃቸውን አወናጨፉ፣ አንዴም ሳቁ። ድምፅ የለም። ሁላችንም «አይሰማም» እያልን ጻፍን። እሳቸው የኛን ጽሑፍ አላዩ፣ እኛ የሳቸውን ቃል አልሰማን። በመጨረሻ እጃቸውን አውለብልበው ሄዱ። ሲስተሙ መዘገበ፦ ክፍለ ጊዜው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል።

በምን ሳቁ ይሆን? እስከ ማታ አሰብኩ...

ኅዳር 17

ሰማንያ ስድስት።

የመጨረሻው ውጤት ተለቀቀ። ጉብታው ላይ ብቻዬን እልል አልኩ። ገለባ የሚጭኑት ሰዎች ዞረው አዩኝ። አንዱ፣ ልጅ ዳረች መሰል አለ።

ደብረ ታቦር አንድ ኮሌጅ የአማርኛ መምህር ይፈልጋል። ቃለ መጠይቁን አልፌያለሁ። የቀረው ዲግሪው ብቻ ነው። እስከ ጥር 20 ካላቀረብኩ ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል። ከማርቆስ መጥቼ እዚህ ካስተማርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ። አንድ ወንበር ላይ አራት ልጅ፣ አንድ መጽሐፍ ለአራቱ፣ ጉሮሮዬ ተልጦ... በቃ። ሰማንያ ስድስት።

ኅዳር 23

የተመራቂዎች ስም ወጣ። የኔ የለም።

የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል ደወልኩ። እንዳልካቸው የሚባል ልጅ አነሣ። ድምፁ ደግ ነው፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

«እኅቴ፣ ሁለት ናችሁ» አለኝ።

«ማንና ማን?»

«አንቺና አንቺ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሬጅስትራሩ ስሜን ከመታወቂያዬ ሲገለብጥ «ነፃነት» ብሎ ጻፈ፣ በፀሐዩ ፀ። ትምህርት ክፍሉ ደግሞ መማሪያውን ሲከፍትልኝ «ነጻነት» ብሎ ጻፈ፣ በጸሎቱ ጸ። ለሚያነብ ሰው አንድ ድምፅ። ለሲስተሙ ሁለት ሴት። ባለፀሐይዋ በሕግ ተመዝግባለች፤ አንድ ቀን ክፍል አልገባችም፤ ዜሮ። ባለጸሎቷ ሁሉን ተምራ፣ ሁሉን ተፈትና ሰማንያ ስድስት አምጥታለች፤ ግን አልተመዘገበችም። ሰርጎ ገብ ናት።

አርሙታ አልኩ። ሲስተሙ አይፈቅድም አለ። ሲስተሙን የሠራውን ሰው ጥሩታ አልኩ። ውሉ አልቆ ሄዷል አለ።

የአማርኛ ትምህርት ክፍል እኮ ነው! እኔን በዘመናዊ ሥነ ልሳን ሲያጠምቁኝ ከርመው፣ ሞክሼ ፊደል የማያውቅ ዕቃ ገዝተው...

ኅዳር 24

ለአከራዬ ለእትዬ ገላነሽ ነገርኳቸው። ጎመን እየቀነጠሱ ሰሙኝ። መጀመሪያ፣ ለሁለት ሰው አላከራየሁም አሉ። ቀጥለው የገረማቸውን ጠየቁ፦ የተማረችው ቀርታ ያልተማረችው እንዴት ተመዘገበች? ክርስትና ስምሽንም ላኪላቸው፣ ሦስት ትሆኑና ማኅበር ትጠጣላችሁ አሉኝ።

ታኅሣሥ 1

ለአቤቱታዬ «ቲኬት» ተቆርጦልኛል። ጠዋት ለባጃጅ ነጂው ለወንዴ ነገርኩት። ቲኬት ከቆረጡልሽ መኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው አለኝ። ሳቅሁ። ከሰዓት በኋላ መኪናው ተነሣ፦ «ሁለቱ ተማሪዎች አንድ ሰው ስለመሆናቸው የፍርድ ቤት ውሳኔ ይቅረብ።»

አንዲት ፊደል ከምትነካ ችሎት ይሰየም።

ሰው ለውርስ፣ ለመሬት ያደርገዋል፤ ስሙ በሁለት ዓይነት ከተጻፈ ሦስት ምስክር ይዞ ይቆማል። እኔ ምን ወርሼ?

ታኅሣሥ 5

መብራት የለም። ኔትወርክም የለም። እኔና እኔ ሁለታችንም በሕይወት የለንም።

ታኅሣሥ 9

ምስክር ሞላልኝ። እትዬ ገላነሽ አንድ። ወንዴ ሁለት። ሦስተኛ የሥራ ባልደረባ ልወስድ ነበር፣ እትዬ ገላነሽ አይሆንም አሉ፤ ዳኛ ፊት ጥምጥም ያለው ሰው ሲቆም ነገር ይከብዳል። ስለዚህ መሪጌታ ባየህ። የቅኔ መምህር ናቸው፣ ሐሰት አያውቁም። ከሳቸው የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

ታኅሣሥ 17

ከየትም በመጣ ኖሮ።

እትዬ ገላነሽ ማሉና መሰከሩ። አንድ ናት፤ ሁለት ብትሆን ግቢው ይጠረግ ነበር አሉ። ዳኛዋ እንዳይስቁ መዝገቡን አዩ። ወንዴ ማለ። ባጃጄ ላይ አንድ ሰው ቦታ ነው የምትይዘው አለ፤ ዕቃዋ ነው እንጂ የሚበዛው። ደህና ሄደ።

መሪጌታ ቆሙ። ዳኛዋ «ነፃነት እና ነጻነት አንድ ስም መሆናቸውን ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁ፤ ጽሑፉንም አሳዩዋቸው። መሪጌታ ወረቀቱን አራቅ አድርገው አዩት። አቀረቡት።

«አንድ አይደሉም» አሉ።



«እንዴት?» አሉ ዳኛዋ።

«ነጻ ከነጽሐ የወጣ ነው፤ በጸሎቱ ጸ ነው የሚጻፍ። ይሄ በፀሐዩ የተጻፈው ስሕተት ነው። አንዱ ስም ነው፣ አንዱ ስሕተት። ስምና ስሕተት እንዴት አንድ ይሆናል?»

ተጻፈ። ሦስተኛው ምስክር ክዷል ተባለ። ለጥር 2 ተቀጠረ። ወጥተን ወንዴ ባጃጁን ሲያስነሣ መሪጌታ ከጎኔ ተቀምጠው፣ እንዴት ነው ረዳሁሽ ወይ አሉኝ። ከልባቸው ነው የጠየቁት።

ታኅሣሥ 21

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከደጀ ሰላሙ አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። የመጣሁት ለመጣላት ነበር፤ መስቀላቸውን አሳለሙኝና ግማሹ ወጣልኝ።

«የኔታ፣ ለአንድ ፊደል ብለው ኑሮዬን አበላሹት» አልኳቸው።

«ምዬ ነው የገባሁ፣ ልጄ። ፊደል ፊት አልዋሽም።»

አባቴስ? አባቴ ነው በፀሐዩ የጻፈኝ። አባትሽ ነፍሱን ይማረው፣ መልካም ሰው ይሆናል፣ ፊደል ግን አልዘለቀም አሉ። በስተጀርባ ሜዳው ሁሉ ነዶ ነው፤ ሰው አጭዶ፣ ከምሮ፣ የልፋቱን ሊያስገባ...

ስለ ፊደሉ ባይጠየቁስ? ስለ እኔ ብቻ ቢጠየቁስ? አልኳቸው።

«ስላንቺማ ምን ጥያቄ አለው? አንዲት ነሽ። ትነዘንዣለሽ እንጂ አትበዢም።»

ነገ ለዳኛዋ ማመልከቻ አስገባለሁ፦ ምስክሩ ስለ ስሙ ሳይሆን ስለ ሴትየዋ ይጠየቁልኝ።

ጥር 2

ተጠየቁ። «ይህቺን ሴት ያውቋታል?» አውቃታለሁ። «ወረቀቱ ላይ በሁለት ዓይነት የተጻፈችው ይህቺው ናት?» መሪጌታ እኔን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ።

«ሴትየዋ አንዲት ናት። ፊደሎቹ ሁለት ናቸው። ይኸን ጻፉልኝ።»

ሁለቱንም ጻፉላቸው። ውሳኔው ማኅተም ተደርጎበት ወጣ። በጽሑፌ ላይ የሚቆይ ቃል ነውና በጥንቃቄ አሰፍራለሁ፦ ፍርድ ቤቱ አንድ ሰው መሆኔን አረጋገጠ፤ ነገሩ አለቀ።

ወንዴ መንገዱን ሙሉ ጥሩንባ እየነፋ ወሰደን። ሰርግ መስሏቸው መንገድ የለቀቁልን አሉ።

ጥር 4

ውሳኔውን ልጭን ስል ሲስተሙ «ፋይሉ ከብዷል» አለ። የኢትዮጵያ ፍርድ መሆኑን አላወቀም፤ ሊከብድ ይገባዋል። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አሳነስኩት። አሁንም ከብዷል። ደግሜ አሳነስኩት። ዳኛዋ ዝንብ አከሉ፣ ማኅተሙ የዝንብ ዓይን። ተቀበለ።

ጥር 13

ጥምቀት አልፎ ኔትወርክ ተመለሰ። ጉብታው ላይ ወጣሁ። «እንኳን ደስ አለዎት! ሁለቱ መለያዎችዎ ተዋሕደዋል።» እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ወደ ውጤቱ ወረድኩ።

አርባ ሦስት። አላለፈችም።

ዓይኔን አሻሸሁ። አጠፋሁ፣ ከፈትኩ። አርባ ሦስት።

እንዳልካቸው ስልኩን ወዲያው አነሣ። አማካይ ነው አለኝ። የምን አማካይ?

«የሁለታችሁ። የሷ ዜሮ፣ ያንቺ ሰማንያ ስድስት። ተደምሮ ለሁለት።»

«አንድ ነኝ እኮ! ፍርድ ቤት ወስኗል!»

«አንድ ስለሆንሽ ነዋ የደመረሽ።»

ጮኽኩበት። ደግ ድምፁን ተሳደብኩ፣ ዩኒቨርሲቲውን ተሳደብኩ፣ ሲስተሙን ከገዛው እስከ ሸጠው፣ ሪባን ከቆረጠው እስከ አጨበጨበው። አልዘጋብኝም። ኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰማንያ ስድስቱን እኔም እያየሁት ነው አለ። ከሥሩ ተቀምጧል። መንካት ግን የሚችል ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። የሚቻለው ለሚመጣው ዓመት እንደ አዲስ መመዝገብ ነው።

አንዲት ቀን ክፍል ያልገባች ሴት! ባል እንኳ ሲፋታ የለፋበትን ነው የሚካፈል።

ጥር 16

ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄድኩ፣ በአካል። ሰው አገኘሁ፤ ሦስት ቢሮ፣ ሦስት ሰው። ሁሉም ውሳኔውን አነበቡ። ሁሉም አዘኑ። ሁሉም ኮምፒዩተሩን ወደኔ አዙረው አሳዩኝ፣ እኔ ያላየሁት ይመስል። አንደኛው «እኛም እኮ ተቸግረናል» አለኝ። ላጽናናው ምንም አልቀረኝ።

የተማረ ሰው እንዲህ በገዛ ዕቃው ፊት እጁን አጣጥፎ... እኔም ልሆን የጓጓሁት ይኸን ነበር?

ጥር 20

ደብረ ታቦር ደወልኩ። ጊዜው አለቀ፣ ተጠባባቂው ገብቷል። ስሙ ሰጠኝ ነው አሉ። በእውነትም ሰጠው። በእሳቱ ሰ ይጻፍ በንጉሡ ሠ አልጠየቅሁም። ይጠንቀቅ ብቻ።

ጥር 25

ርእሰ መምህሩ እንደገና ተመዝገቢ አሉኝ፤ ወጪውን ትምህርት ቢሮ ይሸፍናል። አልመዘገብም አልኩ። ዲግሪው ይዘገይብሻል አሉ። ይዘግይ። ለዜሮዋ እኅቴ ሁለተኛ አልለፋም። ካስፈለገ እሷ ትማር፣ እኔ ልመዝገብ።

ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ማርያማዊት፣ ከፊት ወንበር፣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ጸጉር በየትኛው ነው?»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «በፈለጋችሁት» እያልኩ ኖሬያለሁ። ሞክሼ ነው፣ ለውጥ የለውም፣ አትጨነቁበት። ዛሬ አፌ ላይ ቆመ። ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ጻፍኩት። ቾኩ ተሰበረ፤ በቀረው ጨረስኩት።

«በጸሎቱ» አልኩ።

«በሌላው ብጽፈው ለውጥ አለው?»

ክፍሉ ሙሉ ያየኛል። አንዱ ወንበር ላይ አራት፣ አራት።

«ሰው ካነበበው የለውም» አልኳት።

ጻፈችው። ይኸንንም ደብተሯ ላይ እንደ ትርጉም ጻፈችው...

እርማት፦ በጥር 2 ቀን ማስታወሻ «ፍርድ ቤቱ አንድ ሰው መሆኔን አረጋገጠ፤ ነገሩ አለቀ» ተብሎ የሰፈረው፣ «ፍርድ ቤቱ አንድ ሰው መሆኔን አረጋገጠ፤ ዩኒቨርሲቲው ግማሹን ወሰደ» ተብሎ ይነበብ።