በአሮጌው ሰፈር ያለው አዲስ አፈር

አባ፣ ከአፈር በታች ላለኸው ሰላም ይድረስህ። አንተን የቀበርን ሰሞን ማሽላ እየተዘራ ነበር፤ አሁን ታጭዶ ጎተራ ገብቷል። አንድ ሙሉ ክረምት ያለ አንተ ከረምን ማለት ነው። ጤናዬን ብትጠይቀኝ አካሌ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ከትናንት ጀምሮ በቦታው የለም። ፈርቻለሁ አባ። ነገ ጠዋት ሰዎች ዶማ ይዘው መቃብርህን ሊከፍቱ ይመጣሉ። እንዲመጡ ያደረግኋቸውም እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፍልህ ከደጋ ነጋዴዎች በገበያ በተማርኩት ፊደል ነው። አንተ ይህን ፊደል ባየህ ቁጥር ጉንዳን የሄደበት መንገድ ነው እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ቁርአን በሚነበብበት ፊደል ብጽፈው ግን ፈቂ ሐሚድ ያነበዋል። ልጆቻችንን ቁርአን የሚያስቀራው፣ ካንተ ጋር አርባ ዓመት የተጨቃጨቀው ፈቂ ሐሚድ ያደረግሁትን እንዲያውቅብኝ አልፈለግሁም።

የቤቱን አስቀድሜ ልንገርህ። በምሥራቅ በኩል ያለውን የግድግዳ ቀርከሃ ምስጥ ጨርሶት ነበር፤ አንስተን አዲስ አቆምን። ጥቁሯ ፍየልህ መንታ ወለደች፤ ሁለቱም እንዳንተ ግትር ናቸው። እናቴ አሁንም ስትተኛ የአንተን ቦታ ትታ ነው። እኔም ከደጋ መጥቶ የወርቅ ግብር ለሚሰበስበው ሹም አስተርጓሚ ሆኛለሁ። ይህን ብትሰማ ምን እንደምትል አላውቅም። እናቴ ግን ጨው ከቤት አልጠፋም ብላ ታመሰግናለች።

የአርብ ሥራህም አልቆመም። ስትጀምረው ሰው ሁሉ እንደሳቀብህ አልረሳሁም። ልጅ ሳለሁ ጦርነቱ ተራራው ላይ የነበረውን ሰፈራችንን ካቃጠለ በኋላ፣ ሁላችንም ሜዳ ወርደን አዲስ ቤት ሠራን፤ ሰውም የማን ቤት የት እንደነበረ መርሳት ጀመረ። አንተ አንድ ቀን ከጁምዓ ሶላት ስትወጣ፣ የፈቀደ ይከተለኝ ብለህ ሽቅብ ጉዞ ጀመርክ። የተከተልንህ ሦስት ነበርን፤ ፈቂ ሐሚድ፣ ሸክላ ሠሪዋ እማ ሐሊማና በቁጣህ ተገፍቼ የመጣሁት እኔ። ያዘዘን የለም፣ የሚከፍለን የለም፤ ሰዉ ግን እያደር በዛ። በቀርከሃ ስንጥር አፈሩን ቀስ እያልን እንጭርና የመሠረት ድንጋይ፣ የወፍጮ መጅ፣ የገል ስባሪ እናወጣለን። እማ ሐሊማ ገሉን በአውራ ጣቷ ዳበስ አድርጋ የማን እጅ እንደሠራው፣ የማን ቤት እንደገባ ትናገራለች። ከዚያ ከቤቱ የተረፈ ልጅ ካለ ይነሣና ጮክ ብሎ፣ የዚህ ቤት ባለቤት እገሌ ነበር፣ የጠራሁት እኔ እገሌ ነኝ ይላል። ፈቂ ይጽፋል። ድንጋይ ይቆማል።

ያቺን የተሰበረች የትንባሆ ጋያ ራስ ታስታውሳለህ? አንተ የእናቴ ናት ስትል፣ እማ ሐሊማ የአክስቴ ናት ስትል፣ ሁለት አርብ ሙሉ ሳትነጋገሩ ሠራችሁ። በመጨረሻ የሁለቱም ናት ተብሎ ሁለት ስም ተጠራባት። ያን ቀን ስትስቅ ጥርስህ ስንት እንደቀረ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የሙት ዕቃ የሕያው ቤት አይገባም፣ ስም ከተጠራበት በኋላ ከወጣበት ጉድጓድ ይመለስ የሚለው ሕግ ያንተ ነው። አጥብቀን ያዝነው። ዘንድሮ ጭቃው ስለበዛ እማ ሐሊማ ወርቅ የሚታጠብበትን የእንጨት ገበታ ከቤቷ አመጣች፤ አፈሩን በሱ ስናጥበው ዶቃ እንኳ አያመልጠንም። ሁላችንም በብልሃቷ ተደሰትን። ከሩቅ ለሚያየን ምን እንደምንመስል ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ግብሩ ወርቅ በሆነበት አገር ሰዎች ተራራ ላይ ይቆፍራሉ፣ አፈር በገበታ ያጥባሉ፣ ያገኙትን እያገላበጡ ያዩና መልሰው ይቀብሩታል። እኔም ከታች ሆኜ ባየው ወርቅ እየደበቁ ነው እል ነበር።

ትናንት አርብ ሹሙ የተደበቀ ወርቅ ፍለጋ ጠመንጃ ካነገቱ ሰዎች ጋር ወጣ። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ካንተ ሰዎች አንዱ መሆኔን ግን አያውቅም፤ በጉድጓዶቹ ዙሪያ ያሉትን ሰዎች ከገበያ ነው የማውቃቸው ብዬው ነበር። መጀመሪያ ነገሩ ደህና ሄደ። ሁለት ሦስት ጉድጓድ አስከፍቶ ገል ብቻ አገኘ። እማ ሐሊማ የባለቤቶቹን ስም ስትነግረው፣ እኔም ስተረጉምለት ቁጣው እየበረደ መጣ። ከዚያ አንተን ከቀበርንበት ከአሮጌው ቤታችን ደጃፍ ደረሰ።

ክረምቱ የመቃብርህን አፈር ደልድሎታል አባ። ድንጋይ አልቆመበትም። ማቆምና ስምህን መጥራት የኔ ፋንታ ነበር፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ከረምኩ። አፌን ሞልቼ ስላንተ «ነበር» ካልኩ በእውነት የምትሞት ስለመሰለኝ ነው። ሹሙ ዘንጉን ሲተክል አፈሩ ዋጠው። ዘወር ብሎ ከዚህ ሥር ያለው ምንድን ነው፣ የማንስ ነው አለኝ። አባቴ ነው ብል ከነሱ ጋር መሆኔን፣ የዋሸሁት መሆኔን ሁሉ ያውቃል። ጠመንጃዎቹን አየሁ። የማን እንደሆነ አላውቅም አልኩት።

እንዲህ ነው ያልኩት አባ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሁድ ጠዋት ይከፈት፣ ሰዉ ከወረደ በኋላም ዘበኛ ይቁምበት ብሎ አዘዘ። ወገኖቻችን አማርኛ ስለማይሰሙ አንዳቸውም አላወቁም። እማ ሐሊማ ምን አለህ ብላ ስትጠይቀኝ፣ ስለ ክረምቱ ጠይቆኝ ነው አልኳት። ሹም ደግሞ ስለ ዝናብ ምን አስጨነቀው ብላ ሳቀች። ሳቋ ከጆሮዬ አልወጣም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ የከሰዓቱን ሶላት፣ ሶላተል ዐስርን፣ ሰግጄ ተቀምጫለሁ። እናቴ ደጅ ላይ ባሚያ እየከተፈች ታንጎራጉራለች። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ለእናቴም አልሆንኩ። ዶማው ከከፈንህ ሲደርስ ይታየኛል። እውነቱን ብናገር ደግሞ፣ ትናንት አላውቅም ብለህ ዛሬ አባቴ ነው የምትለው ወርቁን ልታድን ነው ይለኛል። የሚዋሽ አስተርጓሚ እግር ብረት እንደሚገባ አይቻለሁ። ፈቂንና እማ ሐሊማንም ከኔ ጋር ያስሯቸው ይሆናል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለኔ ሆነ።

የቃጠሎው ዕለት ነው ደጋግሞ የሚመጣብኝ። ዋሻው ውስጥ አፌን በመዳፍህ አፍነህ ይዘኸኝ ነበር፤ ወታደሮቹ ከበላያችን ሲያልፉ ድምፅ እንዳላሰማ። መዳፍህ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንተም እንደምትፈራ ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያን ጊዜ ዝም በማለቴ ሁለታችንም ተረፍን። ነገ ዝም ብል የምተርፈው እኔ ብቻ ነኝ።

ስለዚህ ይህን ጽፌ ስጨርስ ተነሥቼ እማ ሐሊማና ፈቂ ሐሚድ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ክረምቱን የሚመለከት ጥያቄ እንዳልነበረ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ለእናቴ። እሷን ከሹሙ ይልቅ እፈራታለሁ። ድንጋዩን መርጫለሁ፤ ከቤታችን ፍርስራሽ የወጣው የእናትህ ወፍጮ ነው፣ ከመካከሉ የተሰነጠቀው። ሰዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ይዤው ከራስጌህ እቆማለሁ። ስምህን መጀመሪያ አንተ እንድትሰማው በቋንቋችን፣ ቀጥሎ ሹሙ እንዲሰማው በአማርኛ እጠራለሁ። ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም። ድምፄ እንደሚንቀጠቀጥ ግን አውቃለሁ፤ አንተ አትስቅብኝም። ነፃ ብወጣ በየአርቡ፣ ብታሰርም ባለሁበት፣ ከእንግዲህ ስምህን ሳልጠራ አንድ ክረምት አይወጣም።

አፌ ነገ እንዳይተሳሰር እዚህ ልለማመደው።

የዚህ ቤት ባለቤት አልሐሰን ኢብራሂም ነበር። የጠራሁት እኔ ልጁ ሙሳ ነኝ።