ስለራሱ የማይናገር ቦርድ

ለውድ ወንድሜ ፈሀድ፣

አሰላሙ አለይኩም። ባሕሩ እንዴት ይዞሃል? ጤናህስ? የወገብህ ሕመም ተሻለህ? ከዚያ ከሞተሩ ክፍል ሙቀት ወጥተህ ንፋስ የምትቀበልበት ጊዜ ታገኛለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ለመጻፍ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ጎረቤታችን ሶሊ ነው፤ በጭነት መኪናው ጅቡቲ ሲደርስ ለመርከባችሁ ወኪል ይሰጥልኛል። ስልክህ አይሠራም። ቢሠራም አባባ ከኮምፒውተር ጥገና ሱቄ ስለማይጠፋ ይህን ሁሉ አልነግርህም ነበር።

ከቤታችን በላይ ያለውን ገደል ታውቀዋለህ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ከየሕንፃው የሚቆፈረው አፈር ሲደፋበት ከርሞ አሁን ተራራ አክሏል። አምና ለጥናት የመጡ ሰዎች ቁልሉ ላይ የብረት ምሰሶ ተከሉ። ጫፉ ላይ ምሰሶው ምን ያህል እንደዘመመ የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ሽቦው ወርዶ ከመንገዱ ማዶ ዕድራችን ቤት ካለው ኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። ሰዎቹ አንድ ቀን ሄዱ፣ አልተመለሱም። ሐምሌ ላይ መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ። የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ቢቂላ ሱቄ ድረስ መጥተው፣ ክረምቱ በርትቷልና እባክሽ አንድ ነገር አድርጊ አሉኝ።

ያለኝ አንድ አሮጌ የኮምፒውተር ቦርድ ነበር። ሌላ ኮምፒውተር ሲበራ ውስጡ ያለው መነሻ ፕሮግራም፣ ፈርምዌሩ፣ የመሣሪያው ሽቦ የሚሰካበት ሲሪያል ፖርት የት እንዳለ ለሲስተሙ ይነግረዋል። ይህ ቦርድ ግን ስለራሱ አንዲት ቃል አይናገርም። ፖርቱ በዓይኔ እየታየኝ ሲስተሙ የለም ይለኛል። ስለዚህ የፖርቱን አድራሻ፣ ፊደል መምጣቱን የሚያስታውቅበትን የኢንተራፕት መስመር፣ የሰዓቱን ፍጥነት ፖርቱን ለሚያነበው ፕሮግራም፣ ለድራይቨሩ፣ እኔው በእጄ ጻፍኩለት። ግማሹን ቺፑ ላይ ከታተመው ቁጥር ተነስቼ አገኘሁት፣ ግማሹን ገመትኩ። መጀመሪያ የመጣው ትርጉም የሌለው ፊደል ነበር። ፍጥነቱን ስቀያይር ውዬ በመጨረሻ ቁጥር ወጣ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እስካነበው ድረስ። ምሰሶው አሥራ ሁለት ዲግሪ ዘሟል ይላል። በማግስቱ ጨመረ።

ለጋሽ ቢቂላ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና፣ “ልጄ፣ ለማሽኑ ምን እንደሆነ የነገርሽው አንቺ ነሽ። አሁን የሚነግረን ያንቺኑ ግምት ቢሆንስ?” አሉኝ።

እኔም የምፈራው እሱን ነበር። ኢንተራፕቱን ተሳስቼ ከሆነ ፊደል መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ነጥቧ ከጠፋች ደግሞ አንድ ነጥብ ሁለት አሥራ ሁለት ሆኖ ይነበባል። በአንዲት ነጥብ የሰፈሩን ሰው በዝናብ ከየቤቱ ላስወጣ ነው?

ግንበኛው ጉዲሳ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያይበትን ባለ ገመድ ቱንቢውን ይዞ አብሮኝ ወጣ። ከታች ሲያዩት ቀጥ ያለ የሚመስለው ምሰሶ፣ ቱንቢው ከጫፉ ሲንጠለጠል ገመዱ ከእግሩ ርቆ በሰፈራችን በኩል ወረደ። አጠገቡ መሬቱ ተሰንጥቆ ክንድ ያስገባል። ጉዲሳ ስንጥቁን ጎንበስ ብሎ አየና “እንውረድ” አለኝ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ቢቂላ አልተከራከሩም። ቤት ለቤት እየዞሩ ለመኑ፤ ከቁልሉ ስር ያሉት ሁሉ ለቀቁ። እኔ፣ እማዬና ታናሽ እህታችን ሰልሳቢል አስኮ፣ አክስታችን ፋሪዳ ዘንድ ገባን። አባባ “በገዛ እጄ ከሠራሁት ቤት ሽቦ አያስወጣኝም” ብሎ እምቢ አለ፤ የእማዬን ለቅሶ ሲያይ ግን ተከተላት።

ሐሙስ ጠዋት ዕድሩ ቤት ስገባ ቁጥሩ ቆሟል። ድራይቨሩን ጠረጠርኩ። አድራሻው ልክ ነው፣ ፖርቱ ክፍት ነው፣ የሚመጣ ነገር ግን የለም። ወደ ውጭ ወጣሁ። ጭጋጉ ገለጥ ሲል ምሰሶው የለም፣ ፈሀድ። የቁልሉ ግማሽ ወርዶ የጓሯችን ግድግዳ ስር ቆሟል። ቤቶቹ ባዶ ስለነበሩ ሰው አልተጎዳም።

ሌላው ግማሽ ግን እላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ዝናቡም አላቆመም። አባባ “የመጣው መጥቶ አልፏል” ብሎ በማግስቱ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ እሱን አይተው ሌሎችም መመለስ ጀምረዋል። ምሰሶው ስለወደቀ ከእንግዲህ የቀረው መውረጃው መቃረቡን የሚነግረን ነገር የለም። ለምኜው ለምኜው አቃተኝ። አንተን ይሰማል። ይህ እንደደረሰህ ከወደቡ ደውልለት፤ እባክህ መጀመሪያ እሱን አድርግ። ለእረፍት ስትመጣም ቀጥታ አስኮ ና እንጂ ወደ ቤት እንዳትሄድ።

እማዬ ዱዓዋ ከአንተ አይለይም። ሰልሳቢል ናፍቀኸኛል ትልሃለች። አክስታችን ፋሪዳ ክፍል አዘጋጅታልሃለች። ጋሽ ቢቂላና ጉዲሳ በሰላም ግባ ብለውሃል። አባባ ሰላምታ አልላከም፤ መጻፌን አያውቅም። አሁንም እዚያው ቤት ነው።

እህትህ ሀይፋ
ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.