ጋሼ ጀማነህ ሊገላግሉ ገቡ

ኮሎምበስ፣ መስከረም 2015

ዳጊዬ፣ ያየሁትን ባልነግርህ እፈነዳለሁ! ያረፍኩት ጋሼ ጀማነህ ቤት ነው። ልጃቸው ሄራን የምትወደው ፓንክ የሚሉትን ጩኸታም ሮክ የሚዘፍን የእንግሊዝ ባንድ ዛሬ እዚህ ተጫወተ። ገና ጎረምሶች ናቸው፤ አምና በሰፈራቸው መጠጥ ቤት ለአሥር ሰው ይጮኹ ነበር አሉ። ዛሬ ግን አዳራሽ ሙሉ አሜሪካዊ ግጥማቸውን በቃሉ አብሯቸው ይዘፍናል። ጋሼ «ልጄን ብቻዋን አልልክም» ብለው ከረባት አስረው መጡ፤ እኔም ተከተልኩ።

ገና ሲጀምሩ ሕዝቡ በትከሻ ይጋጭ ጀመር። ጋሼ ጠብ መስሏቸው «ኧረ በማርያም! ተዉ ልጆቼ!» እያሉ ሊገላግሉ መሃል ገቡ። ሄራን «ዳድ፣ ኖ! ዳንስ እኮ ነው!» ብትል ማን ሰምቷት። ወደቁ። ወዲያው ዘፋኙ እጁን አነሳ፣ ሙዚቃው ቆመ፣ ያ ሁሉ ሲጋፋ የነበረ ሰው ተሻምቶ አነሳቸው። እኛ ጋ ገላጋይ ከዳር ነው የሚመጣው፤ እዚህ የሚጋፋው ራሱ ገላጋይ ነው! ዘፋኙ ከመድረክ ወርዶ ኮታቸውን አራገፈላቸው። ጋሼም ከረባታቸውን ፈትተው አንገቱ ላይ አሰሩለት።

ቦታ አለቀብኝ፤ እናትህን ሳምልኝ። እነዚህ ልጆች ገና ዓለምን ይዞራሉ። አንድ ቀን ከረባት ያሰረ የፓንክ ዘፋኝ በቴሌቪዥን ካየህ፣ ከረባቱ የጋሼ ነው።

ማራናታ